ቀዩን አምፖል አውርዱ፦ ለእኩዮቼ የብርድ ወራት ማስጠንቀቂያ

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ በዙሪያቸው ባሉትም ከተሞች ቤት ይዛችሁ በጓሯችሁ ዶሮ የምታረቡ እኩዮቼ፣ ብርዱ ሳይጠና የምነግራችሁ አለኝ። ቃሌ ቢከብዳችሁም ስሙኝ። ጤነኛና ላባዋ የሞላ ዶሮን ብርድ ብቻውን አይገድላትም። የሚገድላት በርዷታል ብለን የምናደርግላት ነው። ነገሩ በዶሮ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ያህል ባላስጨነቀኝ ነበር። እሳቱ ከዶሮው ቤት ተነሥቶ የልጅ ልጅ ወደተኛበት ክፍል ይሻገራል። ጭሱም ይሻገራል፣ በሽታውም ይሻገራል።

እንዴት እዚህ እንደደረስን ሁላችንም እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 አንድ ደርዘን እንቁላል በአገሪቱ በአማካይ 6 ዶላር ከ23 ሳንቲም ገባ። ያን ሰሞን በቤተ ክርስቲያን ግቢም በማኅበር ዝክርም ላይ ወሬው ዶሮ ብቻ ሆነ። ጫጩት በየእርሻ ዕቃ መሸጫው በጥቂት ዶላር ይገኛል። ልጆቻችን ባለ እንጨት የዶሮ ቤት በኢንተርኔት አዘው ገጣጠሙልን። የሙቀቱ ወራት በደስታ አለፈ፣ እንቁላሉም መጣ። ልጆች ሥራ፣ የልጅ ልጆች ትምህርት ቤት ሲውሉ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ሽማግሌ ደግሞ ዶሮ ከእንቁላሏም በላይ ናት። ሲጠራት እየሮጠች የምትመጣለት ሌላ ማን አለ? ይህን የሚያናንቅ ሰው ገና ጡረታ አልወጣም።

ስለ መኪናችን ጎማ፣ ስለ ማሞቂያ ሂሳብ፣ ስለ መድኃኒታችን አወሳሰድ ልጆቻችንን እንጠይቃለን። ስለ ዶሮ ግን ማንንም አንጠይቅም። «ከዶሮ ጋር ነው ያደግሁት፣ ማን ሊያስተምረኝ!» እንላለን። አዎን፣ አብረን አድገናል። ያደግንበት ቤት ግን ሌላ ነበር።

እኔ የመንዝ ሰው ነኝ፤ ውርጭ እንግዳዬ አይደለም። በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳ፣ በጓሳ አካባቢ ያደገ ሁሉ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሜዳው ነጭ ለብሶ ሲያድር አይቷል፣ ባቄላውን ውርጭ መታው ሲባል ሰምቷል። ዶሮዎቹ ከእኛው ጋር ቤት ውስጥ፣ ቆጥ ላይ ያድሩ ነበር። ከታች ምድጃው ላይ ፍም ተዳፍኖ ያድራል፣ ጥጃውና በጉም ከወዲያ ጥግ ነው። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ወጥታ ውርጩን ታቀልጠዋለች፣ ዶሮዋም ደጅ ወጥታ ትጭራለች። ከዚያ ኑሮ ይዘነው የመጣነው ትምህርት «ዶሮና እሳት አብረው ያድራሉ» የሚል ነው።

ያላስተዋልነው ነገር አለ። የዚያ ቤት ሣር ክዳን አየር ያሳልፍ ነበር፤ የምድጃው ጭስ፣ የሰውና የከብቱ ትንፋሽ ሁሉ በክዳኑ እየሾለከ ይወጣ ነበር። የዚያ አገር ብርድ ዕድሜውም አንድ ሌሊት ነው። የዚህ አገር ብርድ ቀን አይለቅም፣ ሳምንት ሙሉም ላይለቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2019፣ በእኛ ጥር 22 ቀን 2011፣ ሚኒያፖሊስ ላይ ከዜሮ በታች 28 ፋራናይት መውረዱን ታስታውሳላችሁ፤ በሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች 33 መሆኑ ነው። ያን ቀን በረዶም ጎርፍም አይበግረውም የሚባለው የአሜሪካ ፖስታ ቤት እንኳ በሚኔሶታ ደብዳቤ ማደል አቁሞ ነበር። ለእንዲህ ያለው ብርድ የምድጃ ዳር ዕውቀታችን አይበቃም።

ስለዚህ መጀመሪያ ዶሮዋን እንወቃት። የዶሮ የሰውነት ሙቀት ወደ 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል፤ ከእኛ በአራት ዲግሪ ያህል ይበልጣል። ሙቀቱን የምታገኘው ከምትበላው ነው፣ የምታቆየው ደግሞ በላባዋ ነው። ሲበርዳት ላባዋን ትነፋለች፤ በላባዎቹ መካከል የተያዘው አየር ይሞቅላታል። አንድ እግሯን አጥፋ ሆዷ ሥር ትከተዋለች፣ ራሷን ክንፏ ውስጥ ትቀብራለች። ደረቅ ከሆነች፣ ነፋስ በቀጥታ ካልመታት፣ በልታና ጠጥታ ከመሸባት፣ ውጭው ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ ወርዶም በሰላም ታድራለች። ላባዋ ጋቢዋ ነው። የራሰ ጋቢ ለብሶ ብርድ ላይ ያደረ ሰው ምን እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያሻኝም።

እርጥበቱ ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ ከራሷ ነው። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን እስከ ግማሽ ሊትር ውኃ ትጠጣለች። ጥቂቱ በእንቁላሏ ይወጣል፤ የቀረው በትንፋሿና በኩሷ እዚያው ቤቷ ውስጥ ይቀራል። የዶሮ ኩስ ከግማሽ እጅግ የሚበልጠው ውኃ ነው። በታኅሣሥ ጨለማው 15 ሰዓት ያህል ስለሚቆይ ያን ሁሉ ጊዜ ቆጥ ላይ ሆና ስትተነፍስና ኩስ ስትጥል ታድራለች። እኛ ደግሞ እንዳይበርዳት ብለን ቀዳዳውን ሁሉ በፕላስቲክ እንጠቀልላለን፣ በፎም እንወትፋለን፣ አሮጌ ብርድ ልብስ እንደርብበታለን። ጠዋት በሩን ስንከፍት ለብ ያለ አየር ፊታችንን ይመታናል፤ «ሞቋቸው አደሩ» ብለን ደስ ይለናል። ያ ግን እንፋሎት ነው። ሌሊት ጣሪያው ላይ ጠብታ ሆኖ ይወርዳል፣ ላባዋን ያርሳል፣ ላባ በሌለበት በራሷ ላይ ባለው ቀይ ሥጋ፣ ከመንቆሯ ሥር በሚንጠለጠለውና በጣቶቿ ላይ ይረጋል። ከዚያ ውርጩ ይመታዋል። መጀመሪያ ይገረጣል፣ ቆይቶ ጫፍ ጫፉ ይጠቁራል። ይህ ሲሆን አትሹት፣ እሳትም አታስጠጉት፣ የጠቆረውንም አትቁረጡት። ደረቅና ነፋስ የሌለበት ቦታ አቆዩአት፤ የሞተው ክፍል በራሱ ጊዜ ይረግፋል።

የታፈነ ቤት ሌላም ጣጣ አለው። ኩሱ አሞኒያ ያወጣል፣ አሞኒያው ዓይኗንና ሳንባዋን ይበላዋል። እኛ ቆመን ስለምናሸት ላይሰማን ይችላል። ጉልበታችሁ ከፈቀደ ጎንበስ ብላችሁ በእሷ ቁመት አሽቱት፤ ዓይናችሁን ከቆጠቆጣችሁ እሷ ሌሊቱን ሙሉ ስትቆጠቆጥ ነው ያደረችው።

መፍትሔው ብዙ ወጪ የለውም። ከጣሪያው ሥር፣ ዶሮዋ ቆጥ ላይ ስትቀመጥ ከራሷ በላይ በሚሆን ከፍታ፣ በሁለት ወገን ክፍት ቦታ ተዉና በጠንካራ ወንፊት ሽቦ ሸፍኑት። ብዙ አርቢዎች የሚይዙት ልክ ለአንድ ዶሮ አንድ ካሬ ጫማ ያህል ነው። ነፋሱ የበረታበትን ወገን በማዕበል ቀን ለጊዜው ብትዘጉ ጥፋት የለውም፤ ሁለቱንም ግን አትዝጉ። ጠዋት የመስኮቱን መስታወት ከውስጥ እዩት። ጠብታ ወይም በረዶ ከያዘ ቤቱ ታፍኗል። ፕላስቲክ መጠቅለል የፈለገ ሰው የሚውሉበትን የሽቦ አጥር በነፋሱ በኩል ይጠቅልል፣ እሱ በእርግጥ ይጠቅማቸዋል። ወለሉ ላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የእንጨት ፍቅፋቂ ይነጠፍ፤ ሰጋቱራ በጣም ከደቀቀ አቧራው ያፍናቸዋል። የረጠበውን እያወጣችሁ፣ ደረቁን እያገላበጣችሁ ከላዩ ጨምሩበት። ቆጡንም ክብ አጠና አታድርጉት። ጠፍጣፋ ጣውላ በሰፊው ጎኑ ተጋድሞ ሲቀመጥ ጣቶቿን ዘርግታ በሆዷ ላባ ትሸፍናቸዋለች፤ ክቡን ስትጨብጥ ግን የጣቶቿ ጫፍ ለብርድ ይጋለጣል። በአገር ቤት ይህ ልዩነት አያስጨንቅም፤ እዚህ ጣት ያሳጣል።

አሁን ወደ አስፈሪው ልምጣ። በየእርሻ ዕቃ መሸጫው ከጫጩቱ ጎን የሚሸጥ፣ ባለ 250 ዋት፣ በቆርቆሮ ኮፍያና በመቆንጠጫ የሚሰቀል ቀይ አምፖል አለ። ርካሽ ነው። ማታ በመስኮት አሻግራችሁ ስታዩት የዶሮው ቤት ቀልቶ ሲታይ ልብ ያረካል፣ የልጅነት ምድጃችንን ያስታውሰናል። የሚያታልለንም ይኸው ነው። ሱቅ ውስጥ ስለተሸጠ ደግሞ ደህና ነው ብለን እናምናለን።

የዶሮ ቤት ውስጥ ያለው ደረቅ ፍቅፋቂ፣ ጭድ፣ ላባ፣ የሸረሪት ድርና ከኩሱ የሚነሣ ደቃቅ አቧራ ነው፤ ግድግዳውም እንጨት ነው። ከዚህ ሁሉ መካከል እጅ የማያስነካ የጋለ መስታወት ሰቀልን። መቆንጠጫው ይላላል። ዶሮ ደንግጣ ትበርና በክንፏ ትመታዋለች። ከጣሪያው የወረደች አንዲት ጠብታ የጋለው መስታወት ላይ ታርፍና አምፖሉ ይፈነዳል። ወይም ሳይወድቅም ሳይፈነዳም አቧራው ቆርቆሮው ላይ ተጠራቅሞ መጨስ ይጀምራል። ለገና ጌጥ መብራት የተገዛው ቀጭን ማራዘሚያ ገመድም አለ፤ በበረዶ ላይ ተጎትቶ፣ በር ሥር ተጨፍልቆ፣ ያን ሁሉ ዋት ተሸክሞ ሌሊቱን ሙሉ ይግላል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ብርዱ በገባ ቁጥር ስለዚህ አምፖል ደጋግመው የሚናገሩት ያዩትን ስላዩ ነው። ይህ ሁሉ የሚደርሰው እኛ በተኛንበት ሰዓት ነው። ገመዱ እንዲደርስ ብለን የዶሮውን ቤት ከመኖሪያችን ግድግዳ አስጠግተነዋል፤ ግድግዳው ደግሞ ብዙዎቻችን ዘንድ በእሳት ፊት በሚቀልጥ ቪኒል የተለበጠ ነው። ከዚያ በላይ ያለው መስኮት የማን መኝታ ቤት እንደሆነ እያንዳንዳችሁ ታውቃላችሁ።

ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ ይባላል። እዚህ ካራውን የምናወጣላት እኛ ነን።

እሳት ባይነሣም አምፖሉ አይጠቅማትም። በጥቅምትና በኅዳር ብርዱ ቀስ እያለ ሲገባ ዶሮ ጥቅጥቅ ያለ ላባ አብቅላ ትለምደዋለች። ሌሊት በአምፖል ሲሞቃት አድራ ቀን ብርድ ላይ የምትወጣዋ ግን በደንብ አትለምድም። አንድ ቀን መብራት ሲጠፋ፣ ያውም በማዕበል ሌሊት፣ ሙቀቷ በአንድ ጊዜ ይቆረጥባታል። መብራት የሚጠፋው ደግሞ ብዙ ጊዜ በከፋው ቀን ነው።

«ታዲያ ፈጽሞ ማሞቂያ አይኑር?» የሚለኝ አይጠፋም። ለጫጩት ግድ ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ትፈልጋለች፣ ላባዋ እስኪሞላም አምስት ስድስት ሳምንት ይፈጅባታል። ስለዚህ ጫጩት በብርድ ወራት አትግዙ፤ እስከ ፋሲካ ጠብቁ። ላባዋን ለጣለች፣ ለታመመች ወይም ላረጀች ዶሮ ደግሞ አምፖል የሌለው፣ ግድግዳ ላይ በብሎን የሚታሰር፣ ዝቅተኛ ዋት ያለው ጠፍጣፋ ማሞቂያ አለ። ዋጋው ከአምፖሉ ይበልጣል። ገንዘቡ ከከበደ ዶሮዋን ለባለ አቅም መስጠት ይሻላል።

ከአምፖሉ የባሰም አለ። መብራት ሲጠፋ ከሰል የሚያቀጣጥሉ አሉ፤ የቡናውን ምድጃ ይዘው ወደ ጋራዥ፣ ወደ ዶሮው ቤት፣ አንዳንዴም ወደ ሳሎን። አገር ቤት እያለንም «ከሰል አፈናቸው» ሲባል እንሰማ ነበር፤ ያውም ሣር ክዳን ባለበት አገር። የዚህ አገር ቤት ብርድ እንዳይገባ ተብሎ ተጠርቅሞ የተሠራ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታትና ድካም ሲሰማን እርጅና ነው ብለን ጋደም እንላለን፣ በዚያው እንቀራለን። ወፍ ከሰው ቀድማ እንደምትወድቅ ስለሚያውቁ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ወፍ በሽቦ ቤት ይዘው ጉድጓድ ይወርዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶች መብራት ሲጠፋባቸው ለሙቀት ብለው መኪና በጋራዥ ያስነሡ፣ ከሰል በቤት ያነደዱ ሰዎች ሞተዋል። ከሟቾቹ መካከል የእኛም ወገኖች ነበሩበት። ለዶሮም፣ ለሰውም፣ ለቡናም ሲባል ከሰል በተዘጋ ቦታ አይነድ። አመድ ለዶሮ መታጠቢያ መስጠት ደግ ነው፣ ቅማሏን ያራግፍላታል፤ ነገር ግን ፍሙ መሞቱን በውኃ አረጋግጡ፣ ለአራት ቀን ያህልም በብረት ባልዲ ውጭ አቆዩት።

የቀረውን በአጭሩ ልበለው። ውኃ ከእህል ይቀድማል። ውኃዋ የረጋባት ዶሮ አትበላም፣ ካልበላች ሙቀት አትሠራም። ከሥሩ የሚሞቅ የውኃ ማጠጫ መግዛት የቻለ ይግዛ፣ ያልቻለ ጎማ ገንዳ ይዞ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ለብ ያለ ውኃ ይቀይር፤ ጎማው ሲገለብጡት በረዶውን ይለቃል፣ አይሰበርም። ውኃውን ሌሊት ቤቷ ውስጥ አታሳድሩት፣ እርጥበት ይጨምራል። መኖ አትቆጥቡባት፣ በብርድ አብዝታ ትበላለች። አመሻሽ ላይ አንድ እፍኝ በቆሎ ብትበትኑላት ሌሊቱን ስትፈጨው ያሞቃታል፤ ዋና ምግቧ ግን የተመጣጠነው መኖ ይሁን። በርበሬ የምትነሰንሱላትም እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ተዉ እንጂ! ወፍ የበርበሬን ማቃጠል የምትቀምስበት ነገር የላትም፤ በርበሬውን ለወጡ አስቀምጡት።

እንቁላል ሲቀንስም አትደንግጡ፣ ምትሐት አይደለም። በአዲስ አበባ ከዓመቱ አጭሩ ቀን እንኳ ከ11 ሰዓት ተኩል ይበልጣል፤ በሚኔሶታ በታኅሣሥ ብርሃኑ ከ9 ሰዓት ያንሳል። ዶሮ በደንብ የምትጥለው ብርሃኑ 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። የሙቀት አምፖሉ እንቁላል ያመጣል ብላችሁ የሰቀላችሁ፣ ያመጣው ብርሃኑ እንጂ ሙቀቱ አይደለም። ትንሽ ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል በሰዓት መቆጣጠሪያ ንጋት ላይ ብታበሩላት ይበቃል። ብታሳርፏትም አይከፋም።

የዶሮ ዓይነት ስትመርጡም ብርዱን አስቡ። በራሱ ላይ ረጅም ቀይ ሥጋ ያለው ነጩ ሌግሆርን አገር ቤት ስመ ጥር ነበር፤ እዚህ ግን ውርጭ መጀመሪያ የሚመታው እሱን ነው። ዋያንዶት፣ ብራህማ፣ ባክአይ፣ በካናዳ ኩዊቤክ አንድ መነኩሴ ለብርድ ብሎ ያዳቀለው ሻንትክለር፣ እነዚህ አካላቸው ከበድ ያለ፣ የራሳቸው ሥጋም ያጠረ ነው።

ስለራሳችንም ልናገር። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጋቢ ደርቦ፣ ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ «ዶሮዎቹን ልይ» ብሎ የሚወጣ ሽማግሌ በየቤቱ አለ። የቀለጠው ውኃ ማታ መልሶ ረግቶ መስታወት ሆኗል፤ በእኛ ዕድሜ የዳሌ አጥንት ስብራት አልጋ ላይ ያስቀራል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ጭንቅላታችሁን ከተመታችሁ ቢቀላችሁም ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የልብ ሕመም ያለባችሁ ወደ ዶሮው ቤት የሚወስደውን በረዶ አካፋ ይዛችሁ አትጥረጉ፤ ብርዱና ድካሙ ሲደመሩ ልብ ያቆማሉ። መንገዱን ወጣት ይጥረግ፣ አሸዋ ይበተንበት። ስልክ በኪስ ይኑር፣ ስትወጡ ለቤት ሰው ንገሩ። ይህን እንደ አሳፋሪ የሚያየው ሰው ወድቆ በረዶ ላይ አንድ ሰዓት የተጋደመ ሰው አላየም። ለርኅራኄ ብላችሁ ደግሞ ዶሮዎቹን ወደ ምድር ቤታችሁ አታስገቡ። ጤነኛ ከምትመስል ዶሮ የሚወጣ ሳልሞኔላ ከአምስት ዓመት በታች ያለን ሕፃንና ከ65 ዓመት በላይ ያለን ሰው አጥብቆ ይይዛል፤ ከእነዚህ ሁለቱ ቤታችን ውስጥ የሌለ የለም።

በመጨረሻ ያስቀመጥሁት ከሁሉ የከፋውን ነው። የወፍ ጉንፋን፣ ሐኪሞቹ ኤች5ኤን1 የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ወደ አሜሪካ የዶሮና የተርኪ መንጋዎች ገባ፤ በዚያው ዓመት በማርች ተርኪ በማርባት ከአገሪቱ አንደኛ ወደሆነችው ወደ ሚኔሶታ ደረሰ። የሚያመላልሱት የዱር ዳክዬዎችና ዝይዎች ናቸው፤ በየሐይቃችን ዳር፣ በየመናፈሻችን ሣር ላይ ኩስ ጥለው የሚሄዱት እነዚያው። በዝይ ኩስ ላይ የተራመድንበትን ጫማ ይዘን ወደ ዶሮው ቤት እንገባለን። ለዶሮው ቤት ብቻ የሚሆን ጫማ በሩ ላይ ይኑራችሁ። መኖና ውኃውንም የዱር ወፍ በማይደርስበት፣ ከጣሪያ ሥር አድርጉት።

አሁን ስለ እኛ ልማድ። ዶሮ ስታንቀላፋ፣ ላባዋን ነፍታ ጥግ ስትይዝ ስናይ «ሳትሞት ባርከን እንረዳት» እንላለን። ከድህነት የተማርነው ነው፣ ሥጋ እንዳይባክን። ገና ሲደርስ፣ የጾሙ ፍቺ ሲቃረብ፣ ፈተናው ይብሳል። ይህ ልማድ ዛሬ ሰው ይገድላል። ወጡ በደንብ ሲበስል ቫይረሱ ይሞታል፤ አደጋው ያለው ከማረዱ፣ በፈላ ውኃ ከመንጨቱ፣ ሆድ ዕቃውን ከማውጣቱ፣ አሥራ ሁለቱን ብልት እያገላበጡ በሎሚ ከማጠቡ ላይ ነው። ይህን ሥራ የሚሠሩት እናቶቻችን ናቸው፣ ሕፃናት ደግሞ አጠገባቸው ይጫወታሉ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 2025፣ በገና ዋዜማ፣ የሉዊዚያና ክፍለ ግዛት ጤና መሥሪያ ቤት በዚህ በሽታ በአሜሪካ የመጀመሪያውን ሞት ገለጸ። ሟቹ ሰው ከ65 ዓመት በላይ ነበር፣ ሌላም ሕመም ነበረበት። የተጋለጠው በጓሮ በተያዘ የወፍ መንጋና በዱር ወፎች ነው። ዕድሜው የእኛ ነው፣ ጓሮውም የእኛን ይመስላል።

ከውርጭ ጋር እንዳታምታቱት ልዩነቱን ያዙ። ውርጭ የመታት ዶሮ ጫፍ ጫፏ ይጠቁራል እንጂ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትራመዳለች። የወፍ ጉንፋን የያዛት ራሷና ፊቷ ያብጣል፣ ወይን ጠጅ ወደ መምሰል ይሄዳል፣ መብላት ታቆማለች፣ ትንገዳገዳለች፤ ወይም ማታ ደህና የነበረችው ጠዋት ወድቃ ትገኛለች፣ በማግሥቱም ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ይከተላሉ። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከአንድ በላይ ዶሮ በድንገት ከሞተባችሁ ብርዱ ነው ብላችሁ አትለፉት።

ያን ጊዜ ቢላ አታንሡ፣ በእጃችሁም አትንኳት፣ ለጎረቤትም አትስጡ፣ በጓሮ አትቅበሩ። በሩን ዝጉና ደውሉ። በሚኔሶታ ጉዳዩን የሚይዘው የክፍለ ግዛቱ የእንስሳት ጤና ቦርድ ነው፤ በሌላ ክፍለ ግዛት ያላችሁም እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት አላችሁ። ቁጥሩን ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን አስፈልጓቸው፣ በትልቁ አስጽፋችሁ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉት። በዚያው ልጆቻችሁ ቀዩን አምፖል ያውርዱላችሁ።